ሌላ አስተያየት ካለ

ከማርቆስ ተነሣሁ በጠዋቱ መኪና፣
ሰባት ገጽ ቅጽ ይዤ፣ ማኅተሙ ገና
ቀለሙ ያልደረቀ።
«ትምህርት ቤቱ» ይላል፣ «በመማር ማስተማር
ቴክኖሎጂን ምን ያህል ይጠቀማል?» ከሥር በመስመር
ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር፤ አንዱን ነው የምከበው፤
ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህች ክብ ነው።

ሉማሜ ላይ ባጃጁ ነዳጅ አጥቶ ቆሟል፤
በእግሬ አዘገምኩ። ጥር ነው፤ ጤፍ ይወቃል፤
ከተማሪው ግማሹ አውድማ ላይ ውሏል።
ቅጼ ስለ አውድማ አይጠይቅም፤
እኔም አልጠየቅኩም።

ርዕሰ መምህር ይርሳው ላቡን እየጠረገ
ሮጦ ተቀበለኝ፣ ኮቱን እያደረገ።
«ኮምፒውተር ስንት አለ?» «ሃያ አራት» አለ።
«ክፍሉን ልየው?» ስለው ዓይኑ ተንከባለለ።
«ቁልፉ ከግደፈው ነው፣ ከንብረት ሠራተኛው፤
እሱ ደግሞ ሠርግ ሄዷል፣ ሚዜ ሆኖ ለዳኛው።»

በመስኮት አጮለቅኩ፤ ላስቲክ ተከናንበው
ሃያ አራት ሙሽሮች በረድፍ ተቀምጠው፣
ሚዜያቸው ቀርቶባቸው።
ባለ ነፍሷ አይጥ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር
የባለ ሽቦዋን ጅራት ትቆረጥም ነበር።
«መሣሪያ አለ?» ይላል ቅጹ።
አለ። አምስት።

ልመለስ ዞር ስል፣ ከስምንተኛ «ለ»
እንደ ዝናብ ጅማሮ ጠብ ጠብ የሚል አለ።
መምህርት ትሩሰው የሳሙና ካርቶን ቆርጣ፣
ፊደሉን በእስክሪብቶ በየረድፉ አስቀምጣ፣
ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ኪቦርድ ሠርታለች።
«ዓይን ጨፍኑ፤ ጻፉ» ትላለች።
ሃያ አንድ ልጅ ጨፍኖ ካርቶን ይደበድባል።
በካርቶን ምን ይጻፋል?
ዝማም የምትባል፣ ጣቷን ማጭድ የሸረፈው፣
«ስሜን ጻፍኩ» አለችኝ። «የታል?» ብላት፣ «እጄ ላይ ነው።»
እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ስሜን ልጽፍ ሞከርኩ፤
«ጋሼ፣ እሱ ሌላ ፊደል ነው» አለች፤ ደግሜ ሳትኩ።
ይርሳው ተሳስቷል፤ ቁልፉ ሠርግ አልሄደም፤
እዚህ በየጣቱ ነው፤
በር ግን የለውም።

ከኋላ አንድ ልጅ አለ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣
የመምህርቷን ስልክ ከጆሮው አስጠግቶ፤
ስልኩ የተሰነጠቀ፣ በፕላስተር የታሸገ።
ማታ ልጇ ሲተኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በሹክሹክታ፣
የልብን አሠራር ቀድታለታለች፣ አንድ በአንድ ፈትታ።
መሀል ላይ ውሻ ይጮኻል፣ ሕፃን ያስላል፤
ውሻው ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይስቃል።
«ስምህ ማነው?» አልኩት።
«እንየው» አለኝ።
ዓይኑ ግን አያይም። ብዕሬ ከበደኝ።
«አባቴ ነው ያወጣው፤ ስወለድ ትክ ብሎ
አየኝና፣ ‹ይሄን ደግሞ እስቲ እንየው› ብሎ።»
ከዚያ የልብን አራት ክፍሎች ነገረኝ፣ ሳልጠይቀው፤
የደሙን መሄጃ በጣቱ ደረቴ ላይ እየሣለው።

ማታ ቅጹን ዘረጋሁ። መብራት የለም።
«መሣሪያ አለ?» አምስት። «ይጠቀሙበታል?» አይጠቀሙም፤
አንድ።
አምስትና አንድ ስድስት፣ ለሁለት ቢካፈል
ሦስት ይሆናል፤ «መካከለኛ» ይባል።
መካከለኛ!
ሙሽሮቹ በላስቲክ፣ እነ ዝማም በካርቶን፤
መካከላቸው ያለው ግድግዳ ይሆን
እኔ ቁጥር የሰጠሁት?

ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ «ሌላ አስተያየት ካለ»
ሁለት ባዶ መስመር አለ።
አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ብዙ ማለት እችላለሁ።
የልጁን ስም ብቻ ጻፍኩ፦
እንየው።

ሰኞ ኃላፊው አነበበ፤ ግንባሩን እያሸ
ከስሙ ሥር አሠመረ፤ ፊቱ ግን አልተረበሸ።
«እንየው ማለትህ ልክ ነው» አለኝ፣ «የሚቸኮል አይደለም፤
በሚቀጥለው በጀት እናየዋለን፤ ግድ የለም።»
መሳቢያው ውስጥ ጨመረው።
ቆለፈው።
ቁልፉን ኪሱ እየከተተ፣ እንዳልፈልገው ነገረኝ፤
ቅዳሜ ሠርግ አለበት።